ታጋይ ልጅ ሁለተኛ ጥበብ ሲመርጥ ታሪክ ምን ይመክረዋል?



ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ለመጽሔቱ አንዳንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ተነግሮናል። ጓደኞቼ ስለ አክሱም ሐውልትና ስለ ዓድዋ ድል ሲጽፉ እኔ ስለ ትግል ታሪክ ለመጻፍ መነሣቴ አንዳንዶቹን ሳያስቅ አልቀረም። ትግል ስል ወገብ ለወገብ ተያይዞ ጉልበትና ብልሃት የሚለካበትን፥ የከብት እረኞች በየመስኩ የሚጫወቱትን ግብግብ ማለቴ ነው። ምክንያቴን ከሰማችሁ በኋላ ግን እንደማትስቁብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 15 ዓመት ሞላው። ከልጅነቱ ጀምሮ በትግል ከእኩዮቹ መካከል የሚጥለው አልተገኘም። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከራት በኋላ፥ «በትግሌ ላይ ሌላ የፍልሚያ ጥበብ ልጨምርበት አስቤአለሁ፤ የትኛው ይሻለኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መልስ ሳልሰጥ አባታችን ከተቀመጠበት ሆኖ፥ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለና ነገሩን ዘጋው። ወንድሜ ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔም አቀረቀርሁ። ያቀረቀርሁበት ምክንያት ነበረኝ።

እኔም በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ ታጋይ ነበርሁ። አንድ ፊልም አየሁና በእግር የሚመታበትን፥ በአየር ላይ የሚዘለልበትን ስፖርት ለመማር ተመዘገብሁ። የማረከኝ ነጩ ልብስና ቀበቶው ነበር። አስተማሪው ቀድሞ ምን እንደማውቅ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። አንድ ዓመት ሙሉ ከሰው ርቆ መቆምን ተማርሁ፤ ትግል ግን ሰውን ቀርቦ መያዝ ነው። ዓመቱ ሲፈጸም እግሬ ለመምታት ገና የዘገየ፥ እጄም ለመያዝ የሚያመነታ ሆነ። ቀድሞ እጥለው የነበረ ልጅ በትምህርት ቤት የስፖርት ቀን በሰው ፊት ጣለኝ። ጥፋቱ የስፖርቱ አልነበረም፤ ብዙ ሰዎች ተምረውት ተጠቅመውበታል። ጥፋቱ ምክንያት ሳይኖረኝ የመረጥሁት የእኔ ነው። ስለዚህ ለወንድሜ ከራሴ ግምት ከመመለስ ይልቅ ከእኛ በፊት የነበሩ ታጋዮች ምን መርጠው ምን እንዳገኙ ልመርምር ብዬ ወደ ታሪክ ሄድሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በጥንታዊት ግሪክ በኦሎምፒያ የሚደረገው ጨዋታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 ዓመት ተጀመረ ይባላል። ትግል በ708፥ ቡጢ በ688፥ ፓንክራትዮን የሚባለው ፍልሚያ ደግሞ በ648 ዓመት ከጨዋታው ጋር ተጨመሩ። በትግል ባላጋራውን ሦስት ጊዜ የጣለ ያሸንፍ ነበር። በቡጢ ተጋጣሚዎቹ እጃቸውን በጠፍር ጠቅልለው ይማታሉ እንጂ መያያዝ አይፈቀድላቸውም። ፓንክራትዮን ሁለቱን ያዋሐደ ነው፤ ከመንከስና ዓይን ከመጓጎጥ በቀር መምታትም፥ መጣልም፥ መሬት ላይ ወድቆ መተናነቅም ይቻላል፤ የሚያበቃውም አንዱ እጅ ሲሰጥ ነው።

በሁለተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ የነበረው ግሪካዊ ጸሐፊ ፓውሳንያስ ስለ አንድ የኦሎምፒያ ቀን ያወራል። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 212 ዓመት ነው። የኤሊስ ሰው ካፕሮስ በትግልና በፓንክራትዮን፥ የቴቤስ ሰው ክሊቶማኮስ በፓንክራትዮንና በቡጢ ለመወዳደር ቀረቡ። ካፕሮስ ትግሉን ካሸነፈ በኋላ ክሊቶማኮስ ወደ ዳኞቹ ቀርቦ፥ በቡጢ ቆስሎ ወደ ፓንክራትዮን ከሚገባ ፓንክራትዮኑ እንዲቀድም ለመነ። ልመናው ተገቢ ሆኖ ስለ ተገኘ ፈቀዱለት። በፓንክራትዮኑ ካፕሮስ አሸነፈው፤ ክሊቶማኮስ ግን ልቡ ሳይሰበር ወደ ቡጢው ገባ። ካፕሮስም በአንድ ቀን ትግልንና ፓንክራትዮንን ያሸነፈ ታላቅ ሰው ተባለ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተማርሁ። አንደኛ፥ ለታጋዩ ፓንክራትዮን የቅርብ ዘመድ ነው፤ በትግል የተማረውን መያዝና መጣል ሳይተው ሌላውን ይጨምርበታል። ሁለተኛ፥ ጥበብ ሲመረጥ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውም ጉዳት መታሰብ አለበት፤ ክሊቶማኮስ ጎበዝ ቡጢኛ ስለ ነበረ ቡጢ ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር፥ ሁለተኛ ጥበብ የግድ አይደለም። የክሮቶኑ ሚሎ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት በኦሎምፒያ ስድስት ጊዜ ያሸነፈው በትግል ብቻ ነው። የአባታችንን ተረት የሚደግፍ ምስክር ቢፈለግ ሚሎ ይበቃል።

ከግሪክ ወደ ጃፓን የምሻገረው ስለ አንድ የተማሪ ታሪክ ነው። ጂጎሮ ካኖ በ1860 ተወለደ። አካሉ አነስተኛ ስለ ነበረ በትምህርት ቤት ጉልበተኞች ያጠቁት ነበር። በቶኪዮ ዩኒቨርስቲ ሲማር ጁጁትሱ የሚባለውን የቆየ የግብግብ ጥበብ ማጥናት ጀመረ። በመጀመሪያ የተማረበት ወገን መያዝንና ማነቅን የሚያጠብቅ፥ በኋላ የተማረበት ደግሞ ሰውን ሚዛን አሳጥቶ መጣልን የሚያጠብቅ ነበር። ካኖም በአንደኛው የጎደለውን በሁለተኛው ሞላው። በ1882 በቶኪዮ በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 የሣር ምንጣፍ በምትይዝ ክፍል ዘጠኝ ተማሪዎች ይዞ ኮዶካን የሚባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ትምህርቱንም ጁዶ አለው።

ካኖ ራሱ የተናገረው አንድ ነገር ለእኛ ጉዳይ በጣም ይጠቅማል። ገና ተማሪ ሳለ ፉኩሺማ የሚባል ከእርሱ እጅግ የሚከብድ ጓደኛ ነበረው፤ በምንም ዘዴ ሊጥለው አልቻለም። በመጀመሪያ የሱሞን ዘዴ ጠይቆ ሞከረ፤ አልሆነም። ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደና ስለ ምዕራባውያን ትግል የተጻፈ መጽሐፍ አገላብጦ፥ ከባላጋራ ሥር ገብቶ በትከሻ ተሸክሞ የመጣልን ዘዴ አገኘ። ተለማመደውና ፉኩሺማን ጣለው። ይህ አጣጣል ካታ ጉሩማ ተብሎ ከጁዶ ዘዴዎች አንዱ ሆነ። እንግዲህ የጁዶው ሰው የጎደለውን ከታጋዮች ወሰደ ማለት ነው። ጁዶና ትግል ሥጋ ዘመዶች መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ታጋይስ ከእነርሱ ምን ይወስዳል? ሚትሱዮ ማዬዳ በ1878 ተወልዶ በልጅነቱ የሱሞ ታጋይ ነበር። ወደ ቶኪዮ መጥቶ በ1897 ኮዶካን ገባና ጁዶን ተማረ። በ1904 ከጃፓን ወጥቶ በአሜሪካና በአውሮፓ ከብዙ ታጋዮችና ቡጢኞች ጋር እየተጋጠመ ዞረ፤ በ1914 ብራዚል ደረሰ። በዚያም ካርሎስ ግሬሲ የሚባል ወጣት ተማሪው ሆነ፤ ካርሎስም ለወንድሞቹ አስተማረ። የብራዚል ጁጁትሱ የሚባለው መሬት ላይ ተኝቶ የመፋለም ጥበብ የተስፋፋው ከዚህ ቤተሰብ ነው።

የታጋይ ጉድለት በአደባባይ የታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1993 በአሜሪካ ዩ.ኤፍ.ሲ. የሚባል ማንኛውም ዓይነት ጥበብ የሚገናኝበት ፍልሚያ ተጀመረ። በታኅሣሥ 1994 የካርሎስ ወንድም ልጅ ሮይስ ግሬሲ ዳን ሴቨርን ከሚባል ስመ ጥር አሜሪካዊ ታጋይ ጋር በመጨረሻው ግጥሚያ ተገናኘ። ሴቨርን ከ30 ኪሎ በላይ ይበልጠዋል። ጣለውና ከላይ ሆኖ ተጫነው፤ በትግል ሕግ ቢሆን ጨዋታው ያን ጊዜ ባለቀ ነበር። ግሬሲ ግን በጀርባው እንደ ተኛ ከ15 ደቂቃ በላይ ታገሠና አንገቱን በእግሮቹ መካከል አስገብቶ አነቀው፤ ሴቨርንም እጅ ሰጠ።

የታጋይ ልማዱ እዚህ ላይ ይታያል። በትግል ጀርባው መሬት የነካ ሰው ስለሚሸነፍ ታጋይ ሲወድቅ በደረቱ መተኛት ለምዷል። ማነቅ በሚፈቀድበት ጥበብ ግን ጀርባን ለባላጋራ መስጠት አንገትን መስጠት ነው። ታጋይ መጣል ያውቃል፤ ከጣለ በኋላ የሚመጣውን ግን አልተማረውም። ሴቨርን ይህን ከተረዳ በኋላ ትግሉን አልተወም፤ የጎደለውን ጨምሮ በሚቀጥለው ዓመት በ1995 ወደዚያው መድረክ ተመልሶ ውድድሩን አሸነፈ።

አሁን ደግሞ አንድ አገር ሙሉ ያደረገውን ምርጫ እንመልከት። ቫሲሊ ኦሽቼፕኮቭ በ1893 በሳኻሊን ደሴት የተወለደ ወላጅ የሞተበት ሩስያዊ ነበር። በጃፓን በኦርቶዶክስ ሚስዮን ትምህርት ቤት አደገ፤ እኔም የሚስዮን ተማሪ ስለ ነበርሁ ይህን ሳነብ ልቤ ወደ እርሱ አዘነበለ። ኮዶካን ገብቶ በ1913 ጥቁር ቀበቶ አገኘ። ወደ አገሩ ተመልሶ በሞስኮ ጁዶን ሲያስተምር ከሶቪየት ሕዝቦች የትግል ዓይነቶች ጋር እያዋሐደ አሻሻለው። በ1937 የጃፓን ሰላይ ነህ ተብሎ ታሰረና ከጥቂት ቀን በኋላ በእስር ቤት ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት በ1938 መንግሥቱ ያንን ጥበብ በይፋ ስፖርት አድርጎ ተቀበለው፤ የመምህሩ ስም ግን ለብዙ ዘመን ሳይነሣ ቀረ። ይህ ጥበብ ኋላ ሳምቦ ተባለ።

የሳምቦ ታጋዮች የተፈተኑት በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ነው። ይህ ኦሊምፒክ በእኛ ዘንድ የሚታወቀው አበበ ቢቂላ በጥቅምት 21 ቀን ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ በማሸነፉ ነው። ጁዶም በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በዚያው ሳምንት ነበር። አበበ ካሸነፈ ከሁለት ቀን በኋላ የሆላንዱ አንቶን ሄሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን በገዛ አገሩ አሸነፈው። ሶቪየቶችም፥ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በጁዶ ሳይሆን በጃኬት ትግል ያሳለፉ ሰዎች አሰልፈው፥ አራት የነሐስ ሜዳልያ ወሰዱ። ከአራቱ መካከል ሁለቱ፥ ቺክቪላድዜና ኪክናድዜ፥ ከጆርጂያ ነበሩ። በጆርጂያ ጥንት ጀምሮ ቺዳኦባ የሚባል፥ እጅጌ አጭር ጃኬት ለብሰው በሙዚቃ የሚታገሉት የሕዝብ ትግል አለ። የሌላውን ሰው ልብስ ጨብጦ መጣል ለእነርሱ የአያቶቻቸው ጨዋታ ስለ ነበረ ወደ ጁዶ ሲገቡ እንደ እንግዳ አልገቡም። በ1972 በሙኒክ ሌላው የጆርጂያ ልጅ ሾታ ቾቺሽቪሊ በጁዶ ወርቅ አገኘ።

በእኛ ዘመን ወንድሜና ጓደኞቹ የሚያደንቁት የዳጌስታኑ ሀቢብ ኑርማጎሜዶቭም የሄደው በዚህ መንገድ ነው። በ1988 ተወለደ፤ በአባቱ እጅ በትግል አደገ። በ15 ዓመቱ ጁዶን፥ በ17 ዓመቱ መምታት የተጨመረበትን የፍልሚያ ሳምቦ ጀመረ። በ2018 የዩ.ኤፍ.ሲ. ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2020 ጡረታ ሲወጣ 29 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም አልተሸነፈም። ልብ በሉ፤ ትግሉን የትም አልተወውም። እያንዳንዱ የጨመረው ጥበብ ቀድሞ የሚያውቀውን ይዞ የሚሄድ ነበር።

እነዚህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ የአባታችንን ተረት እንደ ገና አሰብሁት። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ካፕሮስም፥ ማዬዳም፥ የጆርጂያ ሰዎችም ሁለት ዛፍ አልወጡም። አንድ ግንድ ይዘው ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ተሻገሩ እንጂ። እኔ ነኝ ሁለት ዛፍ ልውጣ ብዬ ከመካከል የወደቅሁት።

ስለዚህ ለወንድሜ ሦስት ጥያቄ ጻፍሁለት። አንደኛው፥ «ከትግሌ የጎደለው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «የምጨምረው ጥበብ እጄ የለመደውን ይጠቀምበታል ወይስ ይከለክለዋል?» የሚል ነው። ቡጢ ለእግር አረማመድና ለዓይን ንቃት እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መያዝን ይከለክላል፥ ጭንቅላትም ይመታበታል፤ ስለዚህ ለ15 ዓመት ታጋይ የመጀመሪያ ጭማሪ ሳይሆን ኋላ የሚታሰብ ነው ብዬ እገምታለሁ። ሦስተኛው፥ «በምኖርበት ሰፈር ይህን በትክክል የሚያስተምር ሰው አለ ወይ?» የሚል ነው። በሰፈር የሌለ ጥበብ ከመጽሐፍ ቢመረጥ ሕልም ሆኖ ይቀራል፤ አሳቢ መምህር ያለው ሁለተኛ ምርጫ መምህር ከሌለው አንደኛ ምርጫ ይበልጣል።

ለሦስቱም ጥያቄ የተገኘው መልስ ጁዶ ሆነ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ጨመርሁለት። ዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን በ2010 በቀጥታ እግር መያዝን ገደበ፤ በ2013 ደግሞ በቁም ፍልሚያ እግር በእጅ መያዝን ጨርሶ ከለከለ። ካኖ ከታጋዮች የወሰደው ካታ ጉሩማ እንኳ በቀድሞ መልኩ በውድድር አይሠራበትም። እግር ጨብጦ መጣል የለመደ ታጋይ ይህን ሳያውቅ ቢገባ በመጀመሪያው ግጥሚያ ይቀጣል። ሕጉ ግን ለታጋይ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል፤ እግር መያዝ ሲከለከል ቀጥ ብሎ ቆሞ በዳሌና በእግር ጠለፋ መጣልን ይማራልና። የትግል ልምምዱንም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን እንዳይተው አሳሰብሁት፤ እኔን የጣለኝ መተዉ ነበር።

ወንድሜ በጥቅምት ወር ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ወደ ቤት ሲመጣ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው ከእርሱ የሚያንስ፥ ገና 13 ዓመት ያልሞላው ልጅ ጠልፎ እንደ ጣለው፥ እርሱም እንደ ልማዱ በደረቱ ሲተኛ ልጁ ከኋላ አንገቱን በኮሌታው እንደ ያዘው ነገረኝ። እጁን ምንጣፉ ላይ መታ መታ አድርጎ እጅ ሰጠ። እኔ የራሴ ነገር ትዝ ብሎኝ፥ «ትተወዋለህ እንግዲህ?» አልሁት። «ለምን እተወዋለሁ? የጎደለኝን እኮ አገኘሁት» ብሎ ሳቀ።

አባታችን ይህን ሁሉ ከተቀመጠበት ሆኖ ይሰማ ነበር። ጥቂት ዝም አለና፥ «ግንዱን እንዳትለቅ ብቻ» አለው። በማግሥቱ የልምምድ ልብስ መግዣ ገንዘብ ሰጠው።

ውድ አንባብያን፥ ታሪክ የምንማረው የነገሥታትን ስምና የጦርነትን ዘመን ለመቍጠር ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን ግን ከእኛ በፊት የወደቁት የት እንደ ወደቁ፥ የቆሙትም ምን ይዘው እንደ ቆሙ ለታናናሾቻችን ለመንገርም መሆኑን ተረድቻለሁ። እኔ በሦስት ዓመት የተማርሁትን ወንድሜ በአንድ ሳምንት ተማረው። ከእኔ በኋላ በእነዚህ ወንበሮች ለምትቀመጡ ወጣት ታጋዮችም ይህ ጽሑፍ ያንኑ ያህል ቢያሳጥርላችሁ ደስታዬ ነው።